ያለ ሱሪ የተዋጉበት ቡሄ

ሰሞኑን ሳያስፈቅዱኝ ደጄ ላይ ትልቅ ሸራ ሰቅለውብኛል። አንዱን ገመድ ከበሬ መቃን፣ ሌላውን ከመብራት እንጨት አስረውታል። መሀሉ ላይ አንድ ደረተ ሰፊ ጀግና ክላሹን ይዞ ወደ ሱዳን ያፈጣል። ጓንጉል ነው አሉኝ። ጓንጉልን እኔ አውቀዋለሁ። የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ ወባ ያከሳው፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም እያለው በሲባጎ የሚያስር ሰው ነበር፤ የሱሪውንም ወገብ የማጠብበለት እኔ ነበርኩ። ይኼ ሸራው ላይ ያለው ሰውዬ የት አገር በልቶ እንዲህ እንደወፈረ እንጃ። ይኼ ሳያንስ ድምፅ ማጉያ ተክለው ከጠዋት እስከ ማታ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ይሉብኛል። ሁለትን አልፎ ሦስት የሚል እንኳ ጠፋ። ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው በእርጅናው ትንሽ ጸጥታ አይገባውም?

ስሜ ወርቁ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመተማ ዮሐንስ ዋና መንገድ ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከኬላው በፊት በስተግራ ያለችው ሱቅ የእኔ ናት። ድልድዩን ከተሻገራችሁ ገላባት ነው፤ ሱዳን። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት አገር እያየሁ መርፌ ስሰካ ኖሬያለሁ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ደሴ መጣ። የጓንጉል ልጅ ነው፣ የጦርነቱ መታሰቢያ በዓልም አስተባባሪ። ክፉ ልጅ አይደለም። በኮኪት በኩል ሰሊጥ ያርሳል፤ የራሱ ትራክተር አለው፤ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳል። ግን አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም።

«ጋሽ ወርቁ፣ የቡሄ ዕለት መድረክ ላይ ወጥተው አባቴ የመጀመሪያዋን ጥይት እንዴት እንደተኮሰ ይመሰክሩልናል» አለኝ። «በዓይኑ ያየ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት። እርስዎ ሲጨርሱ ልጆቹ ድልድዩ አጠገብ ተሰልፈው ይተኩሳሉ።»

«ብዙ ነው የሚተኩሱት?»

«ሰማዩ እስኪቀደድ ነዋ!»

«ደሴ ልጄ፣ ያለ ተኩስ አይሆንም?»

«ኧረ ባክዎ ጋሽ ወርቁ! የጦርነት መታሰቢያ ያለ ተኩስ ምን ሊሆን ነው? ጸሎተ ፍትሐት?»

የለመንኩት ለራሴ አይደለም። ጓዳዬ ውስጥ ሰልማ አለች። ሰልማ የኦስማን ልጅ ናት፤ ኦስማን ደግሞ የገላባት ልብስ ሰፊና የድሮ ወዳጄ ነው። እዚያ ማዶ የተነሳው ጦርነት ኋላ ሄደው ከኖሩበት ሩቅ ከተማ ነቅሏቸው፣ አባትና ልጅ አንድ ጓዝ ይዘው ድልድዩን ተሻግረው መጡ። ስንት ጊዜ በፉጨት የተሻገረውን ድልድይ ኦስማን አንገቱን ደፍቶ ሲሻገረው አየሁ፤ እንባዬ መጣ። ሰልማ ጎልማሳ ሴት ናት፣ እዚያ አስተማሪ ነበረች። አሁን ግን የድስት ክዳን ከወደቀ ጠረጴዛ ሥር ናት። አስባበት አይደለም፤ ከሐሳቧ ቀድሞ ገላዋ ይገባል። ከዚያ ቀስ ብላ ትወጣና «መዓሌሽ ዐሚ» ትለኛለች፤ ይቅርታ አጎቴ ማለቷ ነው። ይቅርታዋ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። እሷ ምን አደረገች? ይህን ሁሉ ለደሴ ነገርኩት። ከልቡ አዘነ። «ለዚያች ቀን መኪና አዝዤ ሽንፋ ልውሰዳቸው» አለ። መኪና! በመጡበት መኪና ላይ ምን እንደደረሰ ቢያውቅ ይህን አይልም ነበር። ዳግም መኪና ላይ አትወጣም። ደሴ አዝኖ፣ አዝኖ፣ ተኩሱን ግን አልተወም።

ደሴን የሚያቆመው ቃል እኔ ጋ ነበር። «አባትህ አልተኮሰም» ብለው ያ ሁሉ ሸራ ይወርዳል። ግን ያችን ቃል የተነፈስኩ እንደሆነ ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ ማን ነው?» ነው። የዚያ መልስ ደግሞ ጓዳዬ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ፣ ጦርነት አልቆ፣ ሰው ሁሉ «አሁንስ ተገላገልን» ያለበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በጨርቅ ነው። ቦላሌ ሱሪ አልቆ፣ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው ሱሪ የገባበት ነው። ሻይ በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ ሱሪ ማሳጠር በብር ነበር፤ ሁለት ብር የያዘ ሰው ፉል በልቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የተረፈውን ኪሱ ውስጥ እያንሿሿ ይመለስ ነበር። የሱዳን ስኳር በጆንያ፣ የሱዳን ሽቶ በብልቃጥ፣ የእኛ ቡናና በርበሬ ወደዚያ። ጀለቢያ ለብሶ «እንደምን ዋልህ» የሚልም፣ ቁምጣ ታጥቆ በዐረብኛ የሚከራከርም ሞልቶ ነበር። አሁን ሞባይል የሚሸጡባት ያቺ ማዕዘን ካሴት ቤት ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ የኦምዱርማን ዘፈን ትለቃለች፤ ዑድና አኮርዲዮን እየተቀባበሉ። ሁላችንም እንዘፍነዋለን፣ ትርጉሙን የሚያውቅ ግን የለም። አንድ ቀን ኦስማንን «ምን ማለት ነው?» ብለው «ስለ ናፍቆት ነው» አለኝ። ሌላውንም ዘፈን ብጠይቀው «ስለ ናፍቆት ነው» አለኝ። እንግዲህ ሁሉም ስለ ናፍቆት ከሆነ ምን አለፋን ብዬ መጠየቅ ተውኩ። አሁን የዚያችን ካሴት ቤት ዘፈን አንድ ጊዜ ለመስማት ብዬ የማልሰጠው ነገር የለም።

የኦስማን የስፌት መኪና ቀላል ነበረች፤ ለጀለቢያና ለቀሚስ እንጂ ካኪ ሲሰጧት መርፌዋን ትሰብራለች። የእኔዋ ጥቁሯ ባለ ፔዳል ግን ድንኳን ብትሰጧት ትሰፋለች፤ ዛሬም አለች። ስለዚህ ኦስማን ወፍራም ጨርቅ ሲመጣለት በጭንቅላቱ ተሸክሞ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ ስቆርጥ እሱ ይሰፋል፣ እሱ ሲደክም እኔ እቀመጣለሁ። በሁለቱም ኬላ ሲያልፍ «ወዴት?» የሚለው የለም። ወታደሮቹ ከነቤተሰቡ ያውቁታል፤ ሚስቱ ዘይነብ ፀንሳለች ሲባል እንኳ ሁለቱም ኬላ ነው የሰማው።

ያን ክረምት ግን በሁለቱም ማዶ ጦሩ ተቀየረ። የእኛም አዲሶች ከሩቅ ደጋ መጡ፣ የእነሱም አዲሶች ከሩቅ ምዕራብ መጡ። ሁለቱም አዲስ የደንብ ልብስ ለብሰው መጡ፤ ሁለቱም ልብስ ልክ አልነበረውም። መንግሥት የሚባል ሁሉ ወታደሩን ሳያይ ነው መሰለኝ የሚያሰፋለት። አጭሩም ረጅሙም አንድ ሱሪ ተሰጥቶት እግሩ ጠፍቶበታል። እንግዲህ የእነሱ ሱሪ በኦስማን ጭንቅላት፣ የእኛ በቀጥታ፣ እየተግተለተለ እኔ ሱቅ ገባ። የእነሱን በቀኝ ግድግዳ፣ የእኛን በግራ ሰቀልን። ትልቁ ፍርሃታችን እንዳይደባለቅ ነበር። ጦሮቹ በበኩላቸው አንዱ በቁምጣ፣ ሌላው በሽርጥ ሆኖ ድንበር ይጠብቅ ጀመር።

ነሐሴ ደግሞ የአረም ወር ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ስንት ሺህ ሰው ለሰሊጥና ለማሽላ አረም ይወርዳል። ከሱቄ ጀርባ ሸራ ወጥረው የሚያድሩ ጎጃሜዎች ነበሩ፤ አለቃቸው ቢተው ይባላል። አረንጓዴ ቁምጣ፣ አንገቱ ላይ ማተብ፣ አፉ ላይ ሁልጊዜ እንጉርጉሮ። የቡሄ ለት አርሶ የሚያድር ሰው ቆላም ይውረድ ደጋም ይውጣ ጅራፉን አይተውም፤ ቢተው ከቃጫ የገመዳት ጅራፍ እጅ የምታክል ውፍረት ጀምራ ጫፏ ላይ ክር ታክል ነበር። ዋዜማውን ሊያጮሃት ሲል ዝናብ መጣ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው ተረት ደገኞች ለራሳቸው ያወጡት ነው፤ የመተማ ዝናብ አልሰማውም። ሌሊቱን ዘንቦ፣ እስከ ቀትር ዘንቦ፣ ጅራፏ በሰበሰች። ርጥብ ጅራፍ ደግሞ አይጮህም።

በበዓሉ ቀን መኪናዬን ሸፍኜ ነበር። ኦስማን ግን መጣ። «ያ ወርቁ፣ ዘይነብ ደርሳለች። ልጄ ሳይወለድ ከዚህ ሱሪ ልገላገል» አለ። እኔም ባልሰፋ አብሬው ልቀመጥ ብዬ ከፈትኩ። ቢተው ጅራፉን ይዞ ገባና «አያ ወርቁ፣ በካውያ ያድርቁልኝ» አለኝ። የከሰል ካውያዬን አግዬ ጅራፍ ተኮስኩ፤ በሕይወቴ የተኮስኩት እሱን ብቻ ነው ብል ውሸት አይደለም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ሦስታችን በጓሮ በር ወጥተን፣ ሱዳኖቹ ኾር በሚሉት በዚያ ጎርፍ መውረጃ ዳር ቆምን። ማዶ የኦስማን ቤት ቆርቆሮ ያበራል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጨዋነት ጉድ ያደረገን። ቢተው ጅራፉን አነሳና መልሶ ዝቅ አደረገው።

«እንግዳ እያለ እኔ አልቀድምም» አለ። «አያ ኦስማን ያስጀምሩልን።»

ኦስማን ደስ አለው። ስንት ዓመት ከድልድዩ ማዶ የሰማውን ነገር ነዋ! ጀለቢያውን ሰብስቦ ወገቡ ላይ ሸጎጠ። መጀመሪያ ሲያዞረው ጅራፉ እግሩ ላይ ተጠመጠመ። ሁለተኛ የገዛ እጁን ገረፈው፤ ሰንበር አወጣበት። ቢተው በሳቅ ወደቀ። እኔ «ተው አንተ ሰው፣ እጅህ መርፌ ነው የለመደው» አልኩ። በመጨረሻ ከወገቡ ተጠማዞ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ወደ ድልድዩ ፊቱን አዙሮ አወረደው። ጯ! ድልድዩ ተቀበለውና እጥፍ አድርጎ መለሰው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ጎጃም ተወልዶ ያደገም አያወጣም።

ኦስማን በኩራት ወደ እኛ ዞሮ ጥርሱን አሳየን። ከዚያ የማዶው ዘብ ተኮሰ። ምን ያድርግ? አዲስ ነው፣ ቡሄ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ከሐበሻ ወገን ተተኮሰብኝ አለ። የእኛውም አዲስ ዘብ መለሰ። ከዚያማ ማን ያቁመው! ሽርጥ የታጠቀው ከዚያ፣ ቁምጣ የለበሰው ከዚህ፣ ድልድዩን መሀል አድርገው እስኪመሽ ተንጣጡ። እኛ ሦስታችን ሮጠን ሱቅ ገብተን ከመኪናዬ ሥር ተደራርበን ተኛን፤ ከላያችን የሁለቱ ጦር ሱሪ ግራና ቀኝ ተሰቅሎ በንፋሱ ይወዛወዛል። ኦስማን ጅራፉን እንደ ጨበጠ ነበር። «ጣለው!» ብለው ጣቱ አልፈታ አለው።

የዚያ ሁሉ ጥይት ውጤት ይኼ ነው፦ የአንድ ውኃ ሻጭ አህያ ሞተች፣ የእኔ የሱቅ ሰሌዳ ተበሳ፣ አንድ ወታደር ሽርጡ ጠልፎት ወድቆ ክንዱ ወለቀ። በቃ። የማን ወታደር እንደነበረ እንኳ እስካሁን ይከራከራሉ። በማግስቱ የወዲያው «እነሱ ጀመሩ» አለ፣ የወዲሁ «እነሱ ጀመሩ» አለ፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ማለት ይኼ ነው። ድልድዩ ተዘጋ።

ኦስማን እኔ ቤት ቀረ። ቤቱ ይታየዋል፤ ጭሱ ሲወጣ ይታየዋል፤ የማይታየው ዘይነብ ብቻ ናት። ጓሮ በሩ ላይ ተቀምጦ ማዶ ማዶውን ያያል። እህል ሳቀርብለት «ወላሂ አይወርድልኝም» ይላል። አንዲት ሴት ከቤቱ በችኮላ ስትወጣ ባየ ቁጥር ይነሳል፣ መልሶ ይቀመጣል። የሚያስቀው ነገር ሁሉ ያን ጊዜ እኔን አላሳቀኝም። የበኩር ልጁ ልትወለድ፣ ወይ እናቲቱ ልትሞት፣ እሱ አንድ ኾር ተሻግሮ መድረስ አቃተው።

ይባስ ብሎ የእኛው አዛዥ የመንደሩን ሰው ኬላው ፊት ሰበሰበ። የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሰው ይታወቅ ተባለ። ኦስማንን ቤት ብተወው ይብሱን ይፈልጉታል ብዬ ጋቢዬን አልብሼ ከጎኔ አስቀመጥኩት። አዛዡ «ማን ነው?» አለ። ደግሞ «ማን ነው?» አለ። ቢተው እኔን ያያል፣ እኔ መሬት አያለሁ። ከኋላ አንዱ «እዚህ መሀል ሱዳኒ አለ እኮ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። «ለጠላት ምልክት የሰጠ» ሊባል ነው። በወዲያም ቢሄድ «የአገሩን ጦር ያስተኮሰ» ነው። ጅራፍ ነው ብንልስ ማን ያምነናል? አዛዥ ለበላዩ «የተዋጋነው በጅራፍ ምክንያት ነው» ብሎ ይጽፋል?

ይኼኔ ጓንጉል ተነሳ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር።

«እኔ ነኝ!» አለ። «እኔ ጓንጉል! መጀመሪያ የተኮስኩት እኔ ነኝ! ምን ታመጣላችሁ!» አለና ፎከረ። ብርድ ልብሱ ሊወድቅ ሲል በአንድ እጁ ይዞ ፎከረ።

አልተኮሰም። ሱሪው መቀመጫው ላይ ተቀዶ እኔ ሱቅ ነበር። ጅራፉ ሲጮህ ወባ ጥሎት ቤቱ ተኝቶ ነበር፤ ከነብርድ ልብሱ እየሮጠ የመጣው ተኩሱ ሊያልቅ ሲል ነው። አዛዡ ግን ደስ አለው፤ የሚጽፈው ስም አገኘ። ሰዉ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ኦስማንን የሚያይ ጠፋ። ከስብሰባው ስንመለስ «ምን ያለ ጉረኛ ነው!» ብዬ ስስቅ ኦስማን አልሳቀም። «ከመነሳቱ በፊት እጄን አይቷል» አለኝ። እጁ ላይ የጅራፉ ሰንበር ነበረ፤ ከጋቢው ወጥቶ። በዚህ ነገር ስንት ዘመን ተከራከርን! እኔ ጉራ ነው እላለሁ። እሱ አውቆ ነው ይላል። ጓንጉልን እንዳንጠይቀው ፈራን፤ በመጨረሻም ሞተ።

ኦስማንን ያሻገረው ሱሪው ነው። አንድ ማለዳ ከማዶ አንድ የሃምሳ አለቃ ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ በዐረብኛ ጮኸ፤ «ልብስ ሰፊው! ሱሪያችን የት አለ?» አለቃቸው ከላይ ሊጎበኛቸው ነው፣ ጦሩ ደግሞ በሽርጥ ነው። ነገሩ ለእኛ አዛዥ ሲነገረው ብዙ አሰበና «ይውሰድላቸው። ሱሪ የሌለው ጦር ተዋጋሁ ብዬ ለማን ላወራ ነው?» አለ። ከቀኝ ግድግዳ እያወረድን አሰርን። እስከ ድልድዩ መሀል አብሬው ሄድኩ፤ አንዱን ሱሪ በዱላ ላይ ሰቅዬ እንደ ባንዲራ ይዤ። ከዚያ ወዲያ እሱ ብቻውን ሄደ፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሩጫ። ቆይቶ ከቤቱ ፊት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሲጮህ ሰማነው፤ «ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» ኬላው ላይ የነበሩት የእኛ ወታደሮች፣ አዲስ ባሳጠርኩላቸው ሱሪ ቆመው፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት!» ብለው መለሱለት። ሰልማ ማለት ያቺ ናት።

ይኸው ነው ጦርነቱ። ከዚህ በኋላ ያለው ወሬው ነው። የሞተችው አህያ በዓመቱ ፈረስ ሆነች፣ ቀጥሎ ጋሪ፣ ቀጥሎ መድፍ የጫነ መኪና ሆነች። ክንዱ የወለቀው ወታደር ስንት ሬጅመንት እንደሆነ ለመስማት የፈለገ ዛሬ የደጄን ድምፅ ማጉያ ይስማ። አብርሃ ጅራ ሄጄ እንኳ አንድ ሹፌር ስለዚያ ቀን ለእኔ፣ ለእኔ ለራሴ፣ ሲያስረዳኝ ውሏል። «አባባ፣ እርስዎ አያውቁትም» አለኝ እኮ! ማዶም እንዲሁ ነው አሉ። እነሱም የራሳቸው ጓንጉል አላቸው። አፌን ይዤ የኖርኩት ለኦስማን ብዬ ነው። ውሸቱ ሲያናድደኝ ኖሮ፣ በዚያው ውሸት ወዳጄን ሸፍኜ ኖርኩ። አንጀት የሚያሳርር ነገር ነው።

የዘንድሮው ቡሄ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ አልወረደም፤ መንገዱ አቧራ ነው። ከጓሮዬ ያሉትን የዘንድሮ አራሚዎች ገና ዋዜማውን ለምኜ ጅራፋቸውን ወደ ሩቁ ማሳ ይዘው ሄደውልኛል። ድልድዩ አጠገብ ግን ጠመንጃ የያዙት ተሰብስበዋል። ሰልማ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ኦስማን ሱቁ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ያንቀሳቅሳል። ደሴ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ባንዲራ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሊወስደኝ ገባ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ሰዉ እየጠበቀዎት ነው።»

መልስ ሳልሰጠው ድምፅ ማጉያው ውጭ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ያ ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ። ሰልማ ከስፌት መኪናዬ ሥር ገባች። አባቷን በጀለቢያው ጫፍ ጎትታ አብራ አስገባችው። ግንባሯ ፔዳሉን መታው። ደሴ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ነግሬው ነበር፤ መንገርና ማየት ግን አንድ አይደለም።

ኦስማን ከመኪናው ሥር፣ እንደተቀመጠ፣ የልጁን ራስ በደረቱ ይዞ ተናገረ።

«ደሴ፣ አባትህ አልተኮሰም።»

«ኦስማን!» አልኩ።

«ተወኝ ያ ወርቁ፣ ኸላስ፣ በቃ፤ አርጅቻለሁ። ደሴ፣ ያን ቀን መጀመሪያ የተሰማው ጥይት አልነበረም። ጅራፍ ነው። ያጮህኩትም እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ልትወለድ ነበር፣ እኔን ደግሞ ሊይዙኝ ነበር። አባትህ የእጄን ሰንበር አየና ተነስቶ እኔ ነኝ አለ። እኔ ቤቴ የገባሁት፣ እሷንም ያቀፍኳት፣ በአባትህ ቃል ነው።»

ደሴ እኔን አየኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ሸራው ላይ ያለውን አባቱን በበሩ በኩል አየው፤ ከዚያ መሬት ላይ ያሉትን ሁለቱን አየ። ዞሮ ሄደ። «ምን አደረግህ?» አልኩት ኦስማንን። አሁን ወይ ሰው ይዞ ይመጣል፣ ወይ እልህ ይዞት አብዝቶ ያስተኩሳል ብዬ በሩን ዘጋሁ። ተመልሼ ወለሉ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያች መኪና ሥር ለመግባት ጉልበቴ ዛሬ አይታጠፍም።

ብዙ ቆየን። ከዚያ የደሴ ድምፅ በማጉያው መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበራችሁ ወገኖቻችን» አለ። «ለዛሬ ተዘጋጅቶ የነበረው ተኩስ የማይኖር መሆኑን በይቅርታ እንገልጻለን። ጥይቱን... ሌሊት ዝናብ መትቶት ረጥቧል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ «የምን ዝናብ?» ብሎ ሲጮህ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። ደሴ ግን አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም፤ «ዘንቧል! እኔ ነኝ ያየሁት!» አለ። ኦስማን ወደ እኔ ዞሮ ያችን የጥንቷን ጥርሱን አሳየኝ፤ ግማሿ ወልቃለች። ጓንጉል አውቆ ነው ወይስ ጉራ ነው የተባባልነውን የስንት ዘመን ክርክር እዚያው ወለል ላይ ተረታሁ።

«ዐሚ» አለች ሰልማ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። «ሊተኩሱ ነው?»

«የለም ልጄ። ጥይቱ ረጥቧል።»

ዓይኗን ገለጠች። በበሩ ስንጥቅ የሚገባውን ፀሐይ፣ በፀሐዩ ውስጥ የሚነሳውን አቧራ ቆይታ አየችው። ከዚያ እጇን ሰጠችኝና ከመኪናዋ ሥር ወጣች።